በጄኔራል ጋብሌንትስ ዱካ፦ ከፖርዢቺ ጣቢያ እስከ ቪየና አርሰናል

ትሩትኖቭ በቼክ ሪፐብሊክ ሰሜን ምሥራቅ፣ በክርኮኖሼ ተራሮች ግርጌ የምትገኝ መካከለኛ ከተማ ናት። ኦስትሪያና የያኔዋ የሰሜን ጀርመን መንግሥት ፕሩሺያ በ1866 የተዋጉበትን ሜዳ ለማየት የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሀል ከተማ ይወርድና ቀጥ ብሎ ወደ ኦስትሪያው አዛዥ ወደ ጄኔራል ጋብሌንትስ ሐውልት ይወጣል። ሐውልቱን አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ግን ጄኔራሉ ለምን እዚያ እንዳረፈ፣ ድሉስ ለምን ያን ያህል ነፍስ እንዳስከፈለ ሳይገባው ይቀራል። እኔ የምመርጠው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ካለው የፖርዢቺ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ በእግር መግባትን ነው። የፕሩሺያ ጦር የመጣው በዚያ በኩል ነው፤ የመሬቱ አቀማመጥም የሚገባው ከዚያ ሲያዩት ነው።

ከመነሳቴ በፊት ሁለት ነገር ላስይዝ። ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቶቹ ግን በእኛ። ሌላው የቦታ ስም ጉዳይ ነው። በ1866 አካባቢው ጀርመንኛ ተናጋሪ ስለነበር በጦር ታሪኮችና በድሮ ካርታዎች ላይ ትሩትኖቭ ትራውተናው፣ ፖርዢቺ ፓርሽኒትስ፣ ኖቪ ሮኪትኒክ ኖይ ሮግኒትስ፣ ስታሪ ሮኪትኒክ ደግሞ አልት ሮግኒትስ ተብለው ነው የሚገኙት። የዛሬው የመንገድ ምልክት የቼክኛውን ስም ብቻ ስለሚይዝ፣ የሁለቱን ስሞች ዝርዝር በወረቀት ጽፎ መያዝ ብዙ መንከራተትን ያስቀራል።

ኦስትሪያና ፕሩሺያ ጀርመኖችን ማን ይምራ በሚል ለዓመታት ሲፎካከሩ ቆይተው በ1866 ጁን አጋማሽ ጦር ተማዘዙ። በአልጋ ወራሹ በልዑል ፍሪድሪሽ ቪልሄልም የሚመራው የፕሩሺያ ሠራዊት ከሲሌዥያ ተነስቶ ተራራውን በተለያዩ ጠባብ በሮች እያለፈ ወደ ቦሔሚያ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ቼክ ምድር፣ መውረድ ነበረበት። በትሩትኖቭ በር እንዲገባ የታዘዘው አንደኛው ኮር ነበር። አዛዡ ጄኔራል አዶልፍ ፎን ቦኒን፣ ወታደሮቹ የምሥራቅ ፕሩሺያ ልጆች ነበሩ። ሊገጥማቸው ከደቡብ የመጣው የኦስትሪያ አሥረኛ ኮር ነው፤ አዛዡ ሉድቪሽ ፎን ጋብሌንትስ።

ፖርዢቺ ላይ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ወደ ከተማዋ ስትመለከቱ የኡፓ ወንዝ ሸለቆ ከፊታችሁ ነው። በግራ በኩል፣ ከወንዙ ማዶ፣ ኮረብታዎች ተደርድረዋል። የቀኑ ጉዳይ በሙሉ እነዚያ ኮረብታዎች ነበሩ። ቦኒን ጦሩን በሁለት መንገድ ከፍሎ ልኮ፣ ሁለቱ ፖርዢቺ ላይ ተገናኝተው አብረው እንዲገቡ አዞ ነበር። የግራው ጦር ጁን 27 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ደረሰ። ትእዛዙ ጠብቅ ስለሚል ቁጭ ብሎ ጠበቀ። የቀኙ ጦር የደረሰው 4 ሰዓት ገደማ ነው። በነዚያ ሁለት ሰዓታት ኮረብታዎቹን የያዘ ጠላት አልነበረም፤ አንድ ሻለቃ ጦር ወንዙን ተሻግሮ ቢወጣ ያለ ብዙ ተኩስ ይይዛቸው ነበር። ማንም አልወጣም። በመሀሉ የጋብሌንትስ ቀዳሚ ብርጌድ፣ በኮሎኔል ሞንደል የሚመራው፣ ከደቡብ ገስግሶ ደረሰና ኮረብታው ላይ ተሰለፈ። ፖርዢቺ ላይ ቆሞ ያላየ ሰው የእነዚያን ሁለት ሰዓታት ዋጋ በካርታ ብቻ መረዳት ይቸግረዋል።

ከፖርዢቺ ወደ መሀል ከተማ የሚወስደው መንገድ ሜዳ ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድም ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ በዚያ ቀን በእንቅፋት ተዘግቶ ነበር። የኦስትሪያ የቪንዲሽግሬትስ ድራጎኖችና የፕሩሺያ የሊቱዌኒያ ድራጎኖች በፈረስ የተጋጠሙትም እዚሁ አካባቢ ነው። በዚህ ቀን ፈረሰኛው ስሙን ያስጠራው በዚህች ግጥሚያ ነው፤ የቀረውን ሥራ እግረኛውና መድፉ ሠሩት። ዛሬ የክራኮኖሽ አደባባይ በሚባለው የከተማዋ እምብርት ስትደርሱ የሕዝቡን ጣጣ አስታውሱ። ፕሩሺያዎቹ «ነዋሪው ከመስኮት ተኮሰብን» ብለው ከንቲባውን ሂሮኒሙስ ሮትንና ሌሎች ዜጎችን አስረው ወደ ግሎጋው ምሽግ ወሰዷቸው። ከንቲባው ክሱን ሐሰት ብሎ እስከ መጨረሻው ተከራከረ። የፖድክርኮኖሺ ሙዚየም ከአደባባዩ ሩቅ አይደለም፤ ስለ ውጊያው የተዘጋጀውን ክፍል ኮረብታው ላይ ከመውጣት በፊት ማየት ይሻላል።

ሽቅብ ከመውጣታችሁ በፊት ግን ሁለቱን ጠመንጃዎች ማወቅ ግድ ነው። ያለ እነሱ ኮረብታው ኮረብታ ብቻ ነው።

የኦስትሪያው ሎሬንትስ ይባላል፤ የ1854 ሞዴል፣ የአፈሙዙ ስፋት 13.9 ሚሊሜትር፣ በአፈሙዝ የሚጎርስ፣ ውስጡ ጥምዝ ያለው ጥሩ ጠመንጃ ነው። አጎራረሱ እንዲህ ነው። ወታደሩ ሰደፉን መሬት አስነክቶ ጠመንጃውን ያቆማል። ከወገቡ ቦርሳ የወረቀት ጥቅል ያወጣል፤ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ ይቀድዳል። ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈሳል፤ አረሩን ያስከትላል። መጠቅጠቂያውን ዘንግ ከቦታው መዝዞ አረሩ ባሩዱ ላይ እስኪቀመጥ ይጠቀጥቃል፤ ዘንጉን ይመልሳል። ጠመንጃውን ያነሳል፤ መዶሻውን በግማሽ ይስባል፤ ከሌላ ከረጢት ባሩዱን የሚለኩስ ትንሽዬ የመዳብ ካፕሱል አውጥቶ ከመዶሻው ሥር ይሰካል። መዶሻውን እስከ መጨረሻው ስቦ ያነጣጥራል፤ ቃታውን ይስባል። በደንብ የሠለጠነ ሰው ይህን ሁሉ በደቂቃ ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ ይሠራል። ካፕሱሏ በላብ ከራሰ ጣት ትሾልካለች። የተደናገጠ ወታደር ዘንጉን ሳያወጣ ይተኩስና ዘንጉ ከአረሩ ጋር ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ጠመንጃው ዱላ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ተኝቶ ማጉረስ እጅግ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ባሩዱ በራሱ ክብደት ወደ ታች መፍሰስ አለበትና ሰውየው መቆም ወይም መንበርከክ ግዱ ነው፤ በቆመ ቁጥር ደግሞ ኢላማ ነው።

የፕሩሺያው ድራይዘ ይባላል፤ የ1841 ሞዴል፣ 15.43 ሚሊሜትር፣ ከኋላ የሚጎርስ። ወታደሩ መቀርቀሪያውን ከፍቶ የወረቀት ጥይቱን ይከታል፤ መቀርቀሪያውን ይዘጋል፤ ይተኩሳል። ባሩዱ፣ አረሩና ማቀጣጠያው በአንድ ጥቅል ውስጥ ናቸው። ማቀጣጠያው የተቀመጠው ከአረሩ ሥር፣ በባሩዱ ፊት ስለሆነ ረጅም ቀጭን መርፌ ወረቀቱንና ባሩዱን ሰንጥቆ ሄዶ ይመታዋል። በደቂቃ አምስት ጊዜ መተኮስ ቀላል ነው፤ ያውም ገብስ መሀል በሆድ ተኝቶ።

ድራይዘ እንከን የለሽ ነበር ማለት ግን አይደለም። መርፌው በየተኩሱ ባሩድ መሀል ስለሚቃጠል ይሰባበራል፤ ስለዚህ ወታደሩ መለዋወጫ መርፌ ይዞ ነበር የሚዘምተው። በመቀርቀሪያውና በበርሜሉ መጋጠሚያ ትኩስ ጋዝ ያፈተልካል። ብዙ ሲተኮስ ጥላሸቱ ስለሚከማች ጋዙ ይብሳል፤ አንዳንዱ ፊቱ እንዳይጠበስ ከወገቡ መተኮስ ይጀምራል። በርቀትም ሎሬንትስ ይበልጠዋል፤ የድራይዘ ማነጣጠሪያ ከ600 ሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሲወዳደሩ ኦስትሪያዊው የተሻለ ጠመንጃ እንደያዘ የሚምሉ መኮንኖች ነበሩ። ስሌታቸው የረሳው ነገር ቢኖር ሎሬንትስ በርቀት እንዲያሸንፍ የርቀት ግምቱ ትክክል መሆን እንዳለበት ነው። የአረሩ መንገድ ወደ ላይ የጎበጠ ስለሆነ ማነጣጠሪያውን ለሩቅ አስተካክሎ ለቅርብ የሚተኩስ ሰው አረሩን በጠላቱ ራስ ላይ ያሳልፈዋል።

ኦስትሪያን የጎዳት ይኸው ጉብጠት ነው፤ በተዘዋዋሪ። በ1859 በኢጣሊያ ጦርነት፣ በማጀንታና በሶልፈሪኖ፣ ፈረንሳዮች በሩጫ እየገሰገሱ ከአረሩ መንገድ በታች ገብተው በሳንጃ መቷቸው። የኦስትሪያ አዛዦች ከዚያ የወሰዱት ትምህርት «ተኩስ አያዋጣም፤ ሳንጃ ወድሮ በጅምላ መግባት ነው» የሚል ነበር። አሥር ቋንቋ የሚናገር ሠራዊት ለያዘ መንግሥት ጥቅጥቅ ያለ ሰልፍ ለማዘዝም ይቀላል፤ ከተበተነ ማን ማንን ሰምቶ ይታዘዛል? ትምህርቱ በ1864 የተረጋገጠ መሰለ። በዚያ ዓመት ኦስትሪያና ፕሩሺያ አብረው ዴንማርክን ሲወጉ የኦስትሪያውን ስድስተኛ ኮር የመራው ይኸው ጋብሌንትስ ነበር። ፌብሩዋሪ 3 ቀን በኦበር ዜልክና በንጉሥ ኮረብታ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን ደግሞ በኤቨርዜ፣ በበረዶ መሀል በሳንጃ ገስግሶ ዴንማርኮቹን አባረረ። ስሙ በመላው ጀርመን ገነነ። ነገር ግን ዴንማርኮቹ የያዙት እንደ እሱ ወታደሮች በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር።

ያኔ ከጎኑ የቆሙት ፕሩሺያዎች ድራይዘን ይዘው ነበር። ጁላይ 3 ቀን 1864 ሉንድቢ በምትባል መንደር አንድ የዴንማርክ ቡድን ከአጥር ጀርባ በተኙ ጥቂት ፕሩሺያዎች ላይ ሳንጃ ወድሮ ሮጠ። በደቂቃዎች ውስጥ ግማሹ ያህል ወደቀ፤ ከፕሩሺያ በኩል የቆሰሉት ሦስት ብቻ ነበሩ። የነገሩ ማስጠንቀቂያ ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም ነበር። በቪየና ግን የሉንድቢ ወሬ ከኤቨርዜ ዝና ጋር ሊወዳደር አልቻለም።

አሁን ወደ ኮረብታው። ከከተማዋ በስተደቡብ ሽቅብ ስትወጡ ሁለት ቦታዎች ታገኛላችሁ፦ የቅዱስ ዮሐንስ ጸሎት ቤት ያለበት ኮረብታና የጋብሌንትስ ሐውልት የቆመበት ሺቤኒክ። ሁለቱን የሚያገናኝ የታሪክ መንገድ ተዘጋጅቷል፤ በየቦታው ማብራሪያ ሰሌዳና የመቃብር መስቀሎች አሉ። ዝናብ ከጣለ የሜዳው ክፍል ስለሚጨቀይ ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል። እኔ ጸሎት ቤቱን አስቀድማለሁ፤ ውጊያው ያለቀው እዚያ ነውና።

የፕሩሺያ እግረኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ወንዙን ተሻግሮ፣ በዚህ ዳገት በሙቀት እየተንገላታ ወጣ። ተዳፋቱን አሁንም በእግር ስትወጡት ትንፋሽ ያስቆርጣል፤ እነሱ ደግሞ ከሌሊት ጀምረው በሱፍ ልብስና በሙሉ ትጥቅ የተጓዙ ናቸው። የሞንደል ብርጌድ አለቃው ጋብሌንትስ እስኪደርስ እየተዋጋ በሥርዓት ወደ ደቡብ፣ ወደ ኖቪ ሮኪትኒክ አፈገፈገ። ቦኒን ቀኑ ያለቀ መሰለው። ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ የፕሩሺያ የክብር ዘበኛ ክፍል ቅርብ መሆኑን አስታውቆ «እንርዳችሁ?» ሲለው «አያስፈልግም» ብሎ መለሰ። ዘበኛው መንገዱን ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ ጋብሌንትስ ቀሪዎቹን ሦስት ብርጌዶች ይዞ ደረሰ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ትክክለኛ ነበር፤ መድፎቹን ሰበሰበ። አርባ ገደማ መድፍ በአንድ መስመር አሰልፎ ኮረብታውን ማስደብደብ ጀመረ። የኦስትሪያ መድፈኛ በዚያ ጦርነት ከፕሩሺያው የተሻለ እንደነበር ጠላቱም የመሰከረለት ነው። ኮሎኔል ግሪቪቺች በስታሪ ሮኪትኒክ በኩል ዞሮ የፕሩሺያዎቹን ግራ ክንፍ ገፋ። ይህም ሠራ። ቀጥሎ ግን የቪምፕፈን ብርጌድ ከፊት ለፊት፣ ጥቅጥቅ ባለ ሰልፍ፣ ከበሮ እየተመታ፣ ሳንጃ ወድሮ ወደ ጸሎት ቤቱ ወጣ። ከጸሎት ቤቱ ወደ ደቡብ ፊታችሁን አዙራችሁ ስትቆሙ የመጡበት ሜዳ ገላጣ ነው፤ መሸሸጊያ የለውም። ላይ ያለው ሰው ተኝቶ በደቂቃ አምስት ጊዜ ይተኩሳል፤ የሚመጣው ሰው እየሮጠ ማጉረስ አይችልም። ረድፉ እንደ ታጨደ ጤፍ ተነጠፈ። ተመለሱ፤ እንደገና ወጡ፤ አሁንም ተመለሱ። መጨረሻ ላይ በተጠባባቂነት የነበረው የክኔብል ብርጌድ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ገባና ጸሎት ቤቱን ያዘ። የደከሙት ፕሩሺያዎች ለቀቁ፤ ቦኒንም ሌሊቱን በመጣበት መንገድ ተመልሶ ወደ ሲሌዥያ ገባ። በዚያ ጦርነት ኦስትሪያ በሰሜኑ ግንባር ፕሩሺያን በግልጽ ያሸነፈችበት ብቸኛው ትልቅ ውጊያ ይህ ነው።

የሟች፣ የቁስለኛና የጠፋ ሰው ቁጥር ግን ይህ ነው፦ አሸናፊው ኦስትሪያ 4,787፣ ተሸናፊው ፕሩሺያ 1,338። ለአንድ የወደቀ ፕሩሺያዊ ከሦስት ተኩል የሚበልጥ ኦስትሪያዊ ወድቋል ማለት ነው። እኔ የጋብሌንትስን ችሎታ አልነፍገውም። መድፉን አሰባስቦ ክንፉን ማዞሩ የአዋቂ ሥራ ነበር። ያን ያህል ሰው ያስጨረሰው ግን ክንፉ እየተገፋ፣ መድፉ እየሠራ ሳለ ከፊት በሳንጃ መግባቱ ነው። ከኦስትሪያ ጄኔራሎች ሁሉ ድራይዘን በቅርብ የሚያውቀው እሱ ሆኖ ሳለ ይህ መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እርግጥ ክኔብል በራሱ ፈቃድ ነው የገባው። ይህም ሳንጃ ሳይታዘዝ የሚፈጸም የሠራዊቱ ልማድ እንደነበር ያሳያል።

ሺቤኒክ ላይ የቆመው ሐውልት ከብረት የተቀረጸ ነው፤ በ1868 ተተከለ። ወደ ሰሜን ከተማዋና የክርኮኖሼ ተራሮች ይታያሉ። የሰውየውን ሕይወት ለማሰብ የተመቸ ቦታ ነው። ሉድቪሽ ፎን ጋብሌንትስ በጁላይ 19 ቀን 1814 በጀርመን የና ከተማ ተወለደ። አባቱ የሳክሶኒ ጄኔራል ነበር። እሱም በሳክሶኒ ጦር ጀምሮ በ1833 ወደ ኦስትሪያ አገልግሎት ተሻገረ። በ1848 በኢጣሊያ፣ በ1849 በሃንጋሪ ዘመተ። በሃንጋሪ ዘመቻ፣ ዛሬ ኮሺትሴ በምትባለው በካሻው በሠራው ሥራ የማሪያ ቴሬዛን ወታደራዊ ኒሻን ተቀበለ፤ ያ ኒሻን የኦስትሪያ መኮንን የመጨረሻ ሕልም ነበር። ንግሥቲቱ እኛ አገር ለረጅም ዘመን በጠገራ ብር ላይ ምስሏ ሲዘዋወር የኖረችው ያችው ማሪያ ቴሬዛ ናት።

ዴንማርክ ከተሸነፈች በኋላ በኦገስት 1865 የጋስታይን ስምምነት ከዴንማርክ የተወሰደችውን ሆልሽታይንን ለኦስትሪያ አስተዳደር ሰጠ፤ ጋብሌንትስ አገረ ገዢ ሆነ። በ1866 ጸደይ ጦርነቱን ለማስቀረት በቪየናና በበርሊን መካከል ሲመላለስ የነበረው የገዛ ወንድሙ አንቶን ነው፤ አንቶን የፕሩሺያ ዜጋ ነበር። ሽምግልናው አልተሳካም። በጁን የፕሩሺያ ጦር ሆልሽታይን ሲገባ ጋብሌንትስ ያለ ተኩስ ለቆ ወጣ፤ ሳይውል ሳያድር እዚህ ኮረብታ ግርጌ ነበር።

«የፈረሰኛ ጄኔራል» የሚለውን ማዕረጉን ብዙ ጎብኚ በተሳሳተ መንገድ ይረዳዋል። በዚያን ጊዜው የኦስትሪያ ሠራዊት ከፌልድማርሻል ሌተናንት በላይ ያለው ደረጃ ሁለት ስም ነበረው። ከእግረኛ ወይም ከመድፈኛ የመጣው ፌልድጾይግማይስተር ሲባል፣ ከፈረሰኛ የመጣው የፈረሰኛ ጄኔራል ይባላል። ደረጃው አንድ ነው። ጋብሌንትስ ማዕረጉን ያገኘው ከ1866 ጦርነት በኋላ ነው፤ ትሩትኖቭ ላይ ሲዋጋ ገና ፌልድማርሻል ሌተናንት ነበር። ስሙን ያስጠሩት ውጊያዎች ሁሉም በአመዛኙ የእግረኛ ውጊያዎች መሆናቸው ማዕረጉን ሰምቶ የፈረስ ግልቢያ ታሪክ የሚጠብቀውን ሰው ግራ ያጋባዋል።

ከጦርነቱ በኋላ በክሮኤሺያ፣ ቀጥሎም በሃንጋሪ ዋና አዛዥ ሆኖ በ1871 ጡረታ ወጣ። በ1873 የቪየና አክሲዮን ገበያ ሲወድቅ ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ነበር። ጃንዋሪ 28 ቀን 1874 ዙሪክ ላይ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። አጽሙ በ1905 ወደዚህ መጥቶ በሐውልቱ ሥር አረፈ።

አብዛኛው ሰው ጉብኝቱን እዚህ ያበቃል። ብስክሌት ወይም መኪና ያለው ግን ወደ ስታሪ ሮኪትኒክና ከዚያ አለፍ ብላ ወዳለችው ሩቢኖቪትሴ መሄድ አለበት። በድሉ ማግስት፣ ጁን 28 ቀን፣ የሆነው እዚያ ነው። ቦኒን ትናንት «አያስፈልግም» ያለው የክብር ዘበኛ ኮር ከኡፒትሴ በኩል በጋብሌንትስ ቀኝና ጀርባ መጣ። ጋብሌንትስ ይህን ስጋት አስቀድሞ ለዋናው አዛዥ ለቤኔዴክ አስታውቆ ጀርባውን የሚጠብቅለት ጦር ጠይቆ ነበር። ጦሩ ወደ ፕራውስኒትስ እንዲላክ ታዘዘ። ነገር ግን ፕራውስኒትስ የሚባሉ መንደሮች ከአንድ በላይ ነበሩና የተላከው ጦር ወደተሳሳተችው ሄደ። ጀርባው ክፍት ቀረ። ትናንት ክንፍ ያዞረው የግሪቪቺች ብርጌድ በስታሪ ሮኪትኒክና በሩቢኖቪትሴ መካከል ተቆርጦ ቀረ፤ ግሪቪቺች ራሱ ቆስሎ ተማረከ። የዚያን ቀን ኦስትሪያ ከ3,800 በላይ ሰው አጣች፤ ግማሽ የሚሆነው ምርኮኛ ነው ቢባል አይጋነንም። የፕሩሺያ ጉዳት 700 ገደማ ነበር። የትናንቱ ድል በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ እንዳልነበረ ሆነ።

ከዚያ በስተደቡብ፣ ከህራዴትስ ክራሎቬ ከተማ አጠገብ፣ የኽሉም ኮረብታ አለ። የጦርነቱ ትልቁና ወሳኙ ውጊያ፣ ጁላይ 3 ቀን 1866፣ የተደረገው በዙሪያው ነው። ሙዚየም፣ የአጽም ቤትና ሜዳውን በሙሉ የሚያሳይ ማማ አለው፤ ከማማው ላይ ሆናችሁ ወደ ምዕራብ የሊፓንና የድሎውኼ ድቮሪን መንደሮች ፈልጉ። የጋብሌንትስ ኮር በመሀል ግንባር የቆመው እዚያ ነው። መድፈኛው ፕሩሺያዎቹን ከጠዋት ጀምሮ ከፊት ለፊቱ ገትሯቸው ዋለ። ከሰዓት በኋላ ግን ያው የክብር ዘበኛ ከሰሜን መጥቶ ኽሉምን ከጀርባቸው ያዘ፤ መሀሉ ፈረሰ። «የሙታን ባትሪ» የሚባለው ሐውልት የኋላውን ጦር ለማዳን መድፉን ሳይለቅ ያለቀውን የካፒቴን ፎን ደር ግሮበንን የመድፍ ቡድን ያስታውሳል። የኦስትሪያ አጠቃላይ ጉዳት ወደ 44,000፣ የፕሩሺያ ወደ 9,000 ነበር። በማግስቱ ተኩስ አቁም ለመለመን ወደ ፕሩሺያ ጠቅላይ ሰፈር የተላከው ጋብሌንትስ ነው። አልተቀበሉትም።

ቪየና የምታልፉ ከሆነ ከዋናው ባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስ የጦር ታሪክ ሙዚየም አርሰናል በሚባለው የድሮ የጦር መሣሪያ ግቢ ውስጥ አለ። በምዕራብ ቪየና ያለችው የጋብሌንትስ ጎዳና በስሙ የተጠራች ናት፤ ከስሟ በቀር የምታሳየው ነገር የለም፤ ጊዜያችሁን ለሙዚየሙ ስጡ። እዚያ ሎሬንትስ ስታዩ የመዶሻውን ሥር ተመልከቱ። ካፕሱል የሚሰካበት ጡት ያለው የ1866ቱ ነው። በኋላ በኩል ወደ ላይ የሚከፈት ክዳን የተበየደለት ደግሞ ቬንትስል የሚባለው ነው። ኦስትሪያ ከሽንፈቱ በኋላ፣ በ1867፣ የድሮዎቹን ጠመንጃዎች ቂጣቸውን ቆርጣ ከኋላ እንዲጎርሱ አደረገቻቸው፤ በዚያው ዓመት ቬርንድል የተባለውን አዲስ ጠመንጃም ተቀበለች። እንግሊዞችም በዚያው ዘመን የድሮ ጠመንጃቸውን በተመሳሳይ መንገድ ቆርጠው ሠሩት፤ እኛ ሰናድር የምንለው ነው። ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቁበት የእሮጌ ውጊያ፣ ሚያዝያ 1860 በእኛ አቆጣጠር፣ ከትሩትኖቭ በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ቁልቁል የወረደው የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር የገጠመው ያንኑ ከኋላ የሚጎርስ እሳት ነው። ከኢትዮጵያ በኩል የሞተው በመቶዎች ሲቆጠር ከእንግሊዝ በኩል የቆሰለው ሃያ ገደማ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ያሉትን መቀርቀሪያዎች ጊዜ ወስዳችሁ እያወዳደራችሁ እዩ፤ ከጎን በኩል ስትቆሙ የክዳኑ ማጠፊያ በደንብ ይታያል።